የሀጂራ የቆርቆሮ ዶሮዎች

ሀጂራን ለመውደድ ብዙ ሞክሬያለሁ። ደግ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ስትስቅ በእጇ አፏን ትሸፍናለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሆኖም አልሆነልኝም። የጅዳ ሐበሾች ከሥራዎቿ አንዱን ሰው ቤት ባዩ ቁጥር «ያቺን ልጅ እኮ በደንብ የምታውቂያት አንቺ ነሽ፣ እስቲ አውሪልን» ይሉኛል። እንግዲህ ላውራ። የምቀኛ ምስክርነት መሆኑ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

መጀመሪያ ያወቅኩት እሷን ሳይሆን ሥራዋን ነው። በ2003 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ታደሰ የመኪና ዕቃ ሊፈልግ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ አል-ባላድ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ። ታደሰ የአየር መንገድ ቴክኒሻን ነው፤ አንድ ብሎን ፍለጋ ከገባ ሁለት ሰዓት አይበቃውም። እኔ በዓባያዬ ውስጥ በላብ እየታጠብኩ በጠባቡ መንገድ ስንከራተት፣ ካንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ሥር በሩ የተከፈተ ክፍል አየሁ። ስፋቱ ከእኛ ሳሎን አይበልጥም። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ በረጃጅም ጣውላዎች ላይ ትንንሽ ነገሮች ተደርድረዋል። የገባሁት ቀዝቃዛ አየር ሸትቶኝ እንጂ ጥበብ አምሮኝ አልነበረም።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ዶሮ ላይ ነው። ከዱቄት ወተት ጣሳ የተቆረጠች ዶሮ ናት። እግሯ ላይ ሁለት የተለያዩ የሕፃን ጫማዎች አድርጋለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ወደ ጎን የቆመችው፣ ጎረቤቶቿ ስለሷ የሚያወሩትን ሰምታ እንዳልሰማች የምትሆን ሴት መስላ ነው። ከአጠገቧ ከተሰበረ ካውያ የተሠራ አዞ አለ። ግመሉ የመተኮሻ ጠረጴዛ ነበር፤ ጀርባው ላይ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ተሸክሞ «እኔን ምን አገባኝ» ብሎ ቆሟል። መጨረሻ ላይ ሰባት የሻይ ማንኪያዎች ጥቁር ጨርቅ ለብሰው፣ ክንዳቸው ላይ ቦርሳ አንጠልጥለው ተሰልፈዋል። ስድስቱ ቀጥ ብለዋል። ሰባተኛዋ ብቻ ከሰልፉ ወጣ ብላ ፊት ለፊት ምን እንዳለ ለማየት አንገቷን አስግጋለች።

ያ ዘመን በየሳምንቱ አውሮፕላን ሙሉ ልጃገረድ ለቤት ሥራ የሚመጣበት ዘመን ነበር። ታደሰ ከኤርፖርት ሲመለስ ስለነሱ ያወራ ነበር፤ አንድ ዓይነት ሻርፕ አድርገው፣ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከፊላቸው፣ ማለት አሠሪያቸው፣ መጥቶ እስኪወስዳቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁ። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ «ያሳዝናል» ብዬ ሻይ እቀዳለሁ። ይህች ሴት ግን በሰባት ማንኪያ ተናግራዋለች። ብቻዬን ቆሜ ከት ብዬ ሳቅኩ።

ሳቄ ያለቀው ጠጋ ብዬ ሳይ ነው። አንዳቸውም ፊት የላቸውም። ዓይን የለም፣ አፍ የለም፣ ልሙጥ ቆርቆሮ ብቻ። እያንዳንዱ ምን እንደሚያስብ የሚታወቀው ከአንገቱ አጣጣልና ከትከሻው ነው። እኔ አራት ዓመት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ይህን አልቻልኩም። ሞክሬ አልቻልኩም ማለት ነው፤ ሳልሞክር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላመመኝ።

የክፍሉ ባለቤት ናዲያ የምትባል፣ ውጭ አገር ተምራ የመጣች የጅዳ ልጅ ናት። ማን እንደሠራቸው ጠየቅኳት።

«የአያቴ ሠራተኛ ናት፤ መካ ነው ያለችው» አለችኝ። «ሐበሻ ናት፣ እንዳንቺ።»

ያ «እንዳንቺ» ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ስለራሴ ትንሽ ልናገር፣ ካልሆነ ነገሩ አይገባም። እኔ ጅዳ የመጣሁት የታደሰ ሚስት ሆኜ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ በእሱ ስም ሥር «መሥራት አይፈቀድላትም» ተብሎ ተጽፏል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጽሑፍ እንደ ሐኪም ማዘዣ ይዤ ኖሬያለሁ። የቅርጻ ቅርጽ መሣሪያዎቼ አልጋ ሥር ናቸው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣሁት ሸክላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ዲፕሎማዬ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ላም አለኝ በሰማይ። አርብ አርብ የማኅበረሰባችንን ልጆች ቤቴ ሰብስቤ ሥዕል አስተምራለሁ፣ በዚህ የተነሳ «ኡስታዛ» የሚሉኝ አሉ። ለምን አትሠሪም ሲሉኝ ሙቀቱ፣ ቦታው፣ ፈቃዱ እላለሁ። አሁን ግን ሙቀቱም ቦታውም ፈቃዱም ከኔ የባሰባት የቤት ሠራተኛ ተነሳችና ሰበቤን ሁሉ ቀማችኝ። ይቅር ያላልኳት ይህንን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሷን አገኘኋት። አሠሪዋ ማማ አሲያ የናዲያ አያት ናቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ከመካ ወርደው ጅዳ ዳር ኦብሑር ያለችውን ልጃቸውን ይጠይቃሉ፣ ያን ዕለት ናዲያ ሀጂራን በመኪና ወደ አል-ባላድ ታመጣታለች። ካርቶን አቅፋ ገባች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ በቆርቆሮ የተቦጫጨሩ።

«ኡስታዛ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ ካርቶኑን ሳታስቀምጥ። «ናዲያ ይህን ነገር የተማረች የአገርሽ ልጅ አለች ስትለኝ ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲማሩት እንዴት ነው?»

ምን ልበላት? ከአንገት በላይ ፈገግ ብዬ «ከባድ ነው» አልኳት።

የወሎ ልጅ ናት፣ የሐርቡ። አባቷ ሸሪፍ ከቲማቲም ጣሳ ኩራዝ እየሠራ ገበያ የሚሸጥ ሰው ነበር። መበየጃ ስለሚወደድበት ቆርቆሮውን አጥፎ፣ ጠርዝን ከጠርዝ አቆላልፎ ነው የሚያያይዘው፤ እሷ በስድስት ዓመቷ መያዝ፣ በዘጠኝ ዓመቷ መቁረጥ ቻለች። ጥራጊው የሷ ነበር። ከጥራጊው በግ ትሠራለች፣ አህያ ትሠራለች፣ እናቷ «እጅሽን ትቆርጪና ማን ያገባሻል» እያለች ትጥልባታለች። ኋላ ከተማው መብራት ገባና ኩራዝ የሚገዛ ጠፋ። ኩራዝ ሲወድቅ ሀጂራ ፓስፖርት አወጣች።

መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር የገባችው ባለ አራት ፎቅ ቤት ነው። ደረጃው፣ ምንጣፉ፣ ሰባት መታጠቢያ ቤት፣ የማማ አሲያ ጉልበት መታሸት፣ ሁሉም የሷ። አንድ ቀን የማማ የልጅ ልጅ አልቅሶ አልቅሶ እምቢ ሲል፣ ከተጣለ የወተት ጣሳ በኩሽና መቀስ ዶሮ ቆርጣ ሰጠችው። ልጁ ዝም አለ። ማማ አሲያ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ጥርሳቸው ታይቶ አያውቅም ነበር፤ ዶሮዋን አይተው ሳቁ። ከዚያም አገላብጠው መረመሯትና አንድ ነገር አዘዙ። ፊት እንዳይደረግባት። ፊት ከሌለው ቆርቆሮ ነው አሉ፤ ፊት ያለው ምስል ባለበት ቤት ግን መላእክት አይገቡም። ሀጂራም እንደዚያው ነው የምታምነው። እሺ አለች፣ በምላሹም ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት እስከ ጀምበር መጥለቂያው መግሪብ ልብስ የሚሰጣበት ሰገነት ተፈቀደላት።

«ሰገነቱ የኔ ነው» አለችኝ ዓይኗ እየበራ። «ንፋስ አለው። እዚያ ሆኜ ድካሙም ይጠፋልኛል፣ አልሀምዱሊላህ።»

እኔ አምስት ክፍል ያለው ቤት አለኝ፣ ሰገነት የለኝም። እንዲያ ነው ያሰብኩት፣ አላፍርም።

ናዲያ ትልቅ ነገር አስባላት ነበር። ከረመዳን በኋላ የሀጂራ ብቻ የሆነ ትርኢት ልትከፍት ነው፣ ለዚያም አሥራ ሁለት አዳዲስ ሥራዎች ያስፈልጋሉ። ትርኢቱ ሲከፈት የሀጂራ ከፋላ፣ የአሠሪነቱ ኃላፊነት፣ ከማማ አሲያ ወደ ናዲያ ይዛወራል፤ ሀጂራ ከዚያ ወዲያ ምንጣፍ አታጥብም፣ እዚሁ ክፍል ጀርባ ተቀምጣ ይህንኑ ስትሠራ ትውላለች። ማማ አሲያ እሺ ብለዋል፤ ሌላ ሠራተኛ ይምጣልኝ ብቻ ነው ያሉት። ሀጂራ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ጮክ ብትል የሚበተን ይመስል። እኔም «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

ከዚያ ነው ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ። ከካርቶኑ አንዲት ዶሮ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ኡስታዛ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። እዚህ ሁሉም ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ነው የሚለኝ። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የሚጎድለው ነገር አለ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ምንም አልጎደለውም። መዳፌ ላይ ያለችው ዶሮ ትከሻዋን ሰብስባ የቆመችው፣ ሌላ ሰው ቤት እንግዳ ሆና የት እንደምትቀመጥ ግራ የገባት መስላ ነው፤ እኔ በዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት እንዴት እንደኖርኩ አንድ ቆርቆሮ ነገረኝ።

«ዓይን» አልኳት።

«ዓይን?»

«ዓይን ይጎድለዋል። ሰው የሚያየው ነገር መልሶ ካላየው አይወደውም።»

አጎቴ አለቃ እንግዳ ሞጣ ላይ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፣ ቀለም እየበጠበጥኩላቸው ነው ያደግኩት። እሳቸው ዓይንን መጨረሻ ነው የሚሥሉት፤ ዓይን እስኪገባ ድረስ ሥዕሉ ግድግዳ ነው ይሉ ነበር። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ። ቃየልንና ይሁዳን ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ብቻ፤ ክፉ ሰው ባንድ ዓይኑ እንጂ አያይም። ይህን ሁሉ ለሀጂራ አወራሁላት፣ ስለ ጥበብ የማስብ መስዬ። የአጎቴ ሕግ ለግድግዳ እንደሆነ፣ ለሷ ዶሮ መርዝ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ዓይን ከገባበት የገበያ አሻንጉሊት ነው የሚሆነው። የፈለግኩትም እሱን ነበር። እንዲበላሽ ፈለግኩ፣ ትንሽ ብቻ፣ የኔን ያህል ተራ እስኪሆን።

«ማማ ፊት አታድርጊ ብላኛለች» አለች። «ደግሞ ሀራም ነው።»

«ለልጅ ልጆቿ የምትገዛው አሻንጉሊት ዓይን የለውም?»

«አለው።»

«ታዲያ? ናዲያም ያልነገረችሽ አፍራ ነው እንጂ ያላለቀ ሥራ ነው የምትለው።»

ይህ ነጭ ውሸት ነበር። ሀጂራ ዶሮዋን ከእጄ ወስዳ ካርቶኑ ውስጥ መለሰቻት። ከዚያ «እሺ፣ ኡስታዛ» አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ታደሰ ጣኢፍ ወስዶ ሊያናፍሰኝ ተነሳ። ከጅዳ ሲወጣ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው ወደ መካ ነው፣ ለሙስሊሞች ብቻ የሚል ትልቅ ምልክት አለው፤ እንደኛ ያለው ተገንጥሎ በዙሪያው ይሄዳል። ምልክቱ ጋ ስንደርስ አንገቴን አዙሬ ወደ ተራሮቹ አየሁ። ያ ሰገነት እዚያ ጀርባ ነው። ምን ላይ ተቀምጣ እንደምትሠራ፣ መቀሷን የት እንደምታስቀምጥ፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ማየት አማረኝ። ቅናት እንዲህ ነው፤ የጠላሽውን ሰው ቤት ከወዳጁ ይልቅ አንቺ መጎብኘት ትፈልጊያለሽ።

«ያቺን ልጅ ነው አይደል የምታስቢው?» አለ ታደሰ።

«የቷን?»

«ተይ ራሔል። ከሷ ሥራ ወዲህ እኮ እራት ላይ እንኳ ሹካ እያጠማዘዝሽ ነው» ብሎ ሳቀ። «ምቀኛ አታሳጣኝ ትበል፣ ምን አለባት።»

አልሳቅኩም። ጣኢፍ ደርሰን ጽጌረዳ አየን፣ ምን ዓይነት እንደነበር አላስታውስም።

ረመዳን ሊገባ ሲል ስልኬ ጮኸ። ሀጂራ ናት፣ ማማ ሶላት ላይ ሳሉ ከቤቱ ስልክ በሹክሹክታ።

«ኡስታዛ፣ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ጨርሻለሁ። ለሁሉም ከጥቁር አዝራር ዓይን አደረግኩላቸው። ወላሂ ያዩኛል። ልቤ ፈራ። የቀድሞዎቹ ይሻሉ ነበር መሰለኝ። ላወጣው ይሆን?»

ራሷ ደርሳበት ነበር። ማንም ሳይነግራት፣ በጣቷ ብቻ አውቃዋለች። እኔ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ቃል ማለት ብቻ ነው፤ አውጪው።

«ጀምረሽ አታቋርጪ» አልኳት። «አሥራ ሁለቱም ሲያልቁ ነው የሚያምረው።»

«እርስዎ ካሉ እሺ» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ያን ቀን ለታደሰ የሚወደውን ወጥ ሠራሁለት፣ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ሲለኝ «ምን ይገኛል?» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ በኋላ አል-ባላድ የሄድኩት ከዒድ በኋላ ነው። ጣውላዎቹ ባዶ ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ተሸጠዋል፣ አዲሶቹ አልመጡም። ናዲያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የግብዣ ካርዶችን በላስቲክ ታስራለች።

የሆነውን ነገረችኝ። ማማ አሲያ ጉልበታቸው ታሞ ለሦስት ዓመት ሰገነት ወጥተው አያውቁም። ሥራዎቹ ወደ ጅዳ ከመሄዳቸው በፊት ግን ልያቸው፣ ዱዓ ላድርግላት ብለው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በየደረጃው እያረፉ አራት ፎቅ ወጡ። በሩን ሲከፍቱ አሥራ አንድ ቆርቆሮዎች በጥቁር ዓይን ቁልጭ ቁልጭ እያሉ አዩዋቸው። ማማ አልጮሁም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አስተግፊሩላህ እያሉ ቆዩ። ኋላ «በዚህ ከተማ፣ በኔ ጣሪያ፣ ቃልሽን አፈረስሽ» አሏት። ሀጂራ ራሷ በሙቀጫ ዘነዘና አንድ በአንድ ጨፈላለቀቻቸው፣ እሳቸው እያዩ። ሰገነቱ ተቆለፈ። የማዛወሩን ነገር ደግሞ ኸላስ፣ አበቃ አሉ፤ ቃል የማትጠብቅ ልጅ ከዓይኔ አትርቅም፣ ኮንትራቷን እዚሁ ትጨርሳለች።

«አያቴን ለምኜ ደከመኝ» አለች ናዲያ። «የገረመኝ ዓይን አድርጊ ብሎ የመከራት ሰው አለ። ማን ነው ብላት ሞቼ እገኛለሁ አለች። አንቺ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

ሀጂራን ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው። ናዲያ አያቷን እንደምንም አሳምና ዕቃዋን እንድትወስድ አመጣቻት። ከሳታለች። እኔን ስታይ ደስ አላት፣ ይህ ነው የባሰው። ከሻርፗ ሥር የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ።

«ስምዎን አላነሳሁም» አለችኝ በዝግታ። «ማማ ክርስቲያን መከረሽ ብላ እንዳትቆጣዎት ፈራሁ። እርስዎ ለሥራው ብለው ነው የነገሩኝ።»

«ሀጂራ» አልኩ። «ያ የዓይኑ ነገር…»

«ኡስታዛ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? ማማን የማውቃት እኔ ነኝ። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው።»

አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲህ አመቻችታ ስትሰጠኝ፣ መልሼ ዘጋሁት።

«ይህቺ አሥራ ሁለተኛዋ ናት» አለች ወደ ጥቅልሉ እያመለከተች። «ማማ ደረጃውን ስትወጣ እየሠራኋት ነበር። ልብስ ማጠቢያው ሥር ወረወርኳት። ለርስዎ ትሁን፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።» ናዲያ ከውጭ «ያላ» ብላ ጠራቻት፣ ሄደች።

ኮንትራቷን ጨርሳ በ2005 አገሯ ገባች። ሐርቡ ናት፣ ትዳር ይዛለች ይሉኛል። ቆርቆሮ ትቆርጣለች ያለኝ ሰው ግን የለም። እኔም ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ነገር የለም፤ እሷን ብጥላትም የተነሳሁት እኔ አይደለሁም።

ዶሮዋ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ናት፣ ከዲፕሎማዬ ሥር። ወደ ጎን ዞራ ቆማለች። አንድ ጥቁር አዝራር ተለጥፎባታል፣ ሁለተኛው የለም። ተበላሽታም፣ ሳታልቅ ቀርታም፣ እኔ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ትበልጣለች። እንግዶች ሲመጡ ይስቁባታል፣ ይወዷታል፣ ማን ሠራት ይላሉ። እኔም ይህንኑ ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ የዓይኑን ነገር ዘልዬ።

አንድ ቀን ታደሰ ከሥራ ሲመጣ ጥቁር አዝራርና ማጣበቂያ ይዞ ገባ። «ይህቺን ምስኪን ሌላውን ዓይኗን ልለጥፍላት» አለኝ።

«ተዋት» አልኩት።

«ለምን? እንዲህ እኮ ጎደሎ ናት።»

«እንዲህ በጎን፣ ባንድ ዓይኗ ቆማ አጎቴ ቢያዩዋት ማን እንደሆነች ወዲያው ያውቋት ነበር» አልኩት፣ እሱም አልገባውም፣ አዝራሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።